የቅዳሜውን የኮሌጅ ፉትቦል በየትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት እንደምናየው የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆችና ራሳቸው የሚማሩ አንባቢዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካውን ኳስ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ትኬት የገዛነው በሐምሌ ነው፤ ትኬቱ ላይ ቀኑ ቢጻፍም ሰዓቱ ግን «ወደፊት ይገለጻል» ይላል። እኔ ደግሞ የሥራ ፈረቃዬን አስቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ። ሰዓቱን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም። ሜሪላንድ ከ2014 ጀምሮ የቢግ ቴን ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ) አባል ነው፤ አባል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በሜዳቸው የሚያደርጓቸውን ጨዋታዎች የማስተላለፍ መብት ለኮንፈረንሱ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ ኮንፈረንሱም የሁሉንም መብት አንድ ላይ አድርጎ ለጣቢያዎች ይሸጣል። በ2023 በጀመረው የሰባት ዓመት ውል ፎክስ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ቅዳሜን ተከፋፍለውታል፦ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ፎክስ በአብዛኛው ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሲቢኤስ 9 ሰዓት ተኩል፣ ኤንቢሲ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የጨዋታው ሰዓት የሚታወቀው የትኛው ጣቢያ እንደወሰደው ሲታወቅ ነው።

ጣቢያዎቹ ቶሎ እንዲመርጡ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ በነሐሴ ዋንጫ ይወስዳል የተባለ ቡድን በጥቅምት ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ሊገኝ ይችላልና። አስቀድመው ከሚታወቁት የመክፈቻ ሳምንታትና የልዩ ቀናት ጨዋታዎች በስተቀር፣ የብዙዎቹ ሰዓት የሚገለጸው 12 ቀን ሲቀር ነው፤ አንዳንዴም ውሳኔው እስከ 6 ቀን ይዘገያል። ከቅዳሜ 12 ቀን ወደኋላ ቢቆጥሩ ሰኞን፣ 6 ቀን ቢቆጥሩ እሑድን ያገኛሉና፣ እነዚህን ሁለት ቀናት ቢጠባበቁ ይጠቅምዎታል። ይህ አሠራር ትኬት ከፍሎ ለሚመጣ ቤተሰብ ከባድ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የደቡቦቹ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ በ2024 የእያንዳንዱ ጨዋታ ሰዓት ቀን፣ ከሰዓት ወይስ ማታ እንደሚሆን፣ ገና ያልተወሰኑትንም ለይቶ፣ ውድድሩ ከመጀመሩ ወራት በፊት ማሳወቁ የተሻለ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

ጥያቄ፦ ሦስቱም ጣቢያዎች አንዱን ጨዋታ ቢፈልጉትስ?

መልስ፦ ምርጫው በተራ ነው። በየትኛው ሳምንት ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚደለደለው የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ፎክስ ትልቁን ድርሻ ይዟል፤ በኅዳር መጨረሻ የሚደረገው የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ግጥሚያ በእኩለ ቀን በፎክስ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሦስቱ የተረፉት ጨዋታዎች በ2007 ወደ ተከፈተው የኮንፈረንሱ የራሱ ጣቢያ፣ የተወሰኑትም የተለየ ክፍያ ወደሚጠይቀው የኢንተርኔት አገልግሎት ወደ ፒኮክ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ከሜዳው ውጭ ሲጫወትስ?

መልስ፦ መብቱ የባለሜዳው ነው። ለምሳሌ ኖትር ዳም በፉትቦል የማንም ኮንፈረንስ አባል ስላልሆነ፣ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ከ1991 ጀምሮ ለኤንቢሲ ለብቻው ይሸጣል፤ እዚያ የሚሄድ እንግዳ ቡድን የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል ቢሆን የሚታየው በአብዛኛው በኤንቢሲ ነው።

ጥያቄ፦ ከጥንትም እንዲህ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ፣ ሰው ስታዲየም መግባቱን ይተዋል በሚል ሥጋት፣ በቴሌቪዥን የሚታዩትን ጨዋታዎች ብዛትና አንድ ቡድን ስንት ጊዜ መታየት እንደሚችል ራሱ ይወስን ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበሩን ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 27 ቀን 1984 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን) ቁጥጥሩ የነጻ ውድድርን ሕግ ይጥሳል ሲል 7 ለ2 ወሰነ። በሐሳብ ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት በወጣትነቱ ራሱ የታወቀ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ዛሬ የምናየው የኮንፈረንሶች ገበያ የተከፈተው በዚያ ፍርድ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለቡድኖቹ እኩል ይከፋፈላልን?

መልስ፦ በቢግ ቴንና በኤስኢሲ ሙሉ አባላት በመሠረቱ እኩል ይካፈላሉ፤ በቴሌቪዥን አሥር ጊዜ ጎልቶ የታየውም፣ በትንሹ ጣቢያ የቀረውም ተመሳሳይ ድርሻ ያገኛል። አዲስ ገቢዎች ግን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ኦሪገንና ዋሽንግተን በ2024 ወደ ቢግ ቴን የገቡት በተቀነሰ ድርሻ ሲሆን፣ በዳላስ የሚገኘው ኤስኤምዩ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ኤሲሲ ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ለመግባት የዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገቢውን ትቷል።

ኤሲሲ በ2025 ከአባሎቹ ከፍሎሪዳ ስቴትና ከክሌምሰን ጋር የነበረውን ክርክር በስምምነት ሲዘጋ፣ ከቴሌቪዥን ገቢው የሚበልጠው ክፍል ባለፉት አምስት ዓመታት በተመዘገበ የተመልካች ብዛት እንዲከፋፈል ተስማምቷል። በዚህ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። የተመልካቹን ብዛት የሚወስነው የቡድኑ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው በየትኛው ጣቢያና ሰዓት መተላለፉም ነው፤ ይህን የሚመርጠው ደግሞ ጣቢያው እንጂ ቡድኑ አይደለም። በዋናው ጣቢያ ምሽት ላይ የተመደበ ቡድን ብዙ ሕዝብ ያየዋል፣ ስለታየም ብዙ ገንዘብ ያገኛል፣ በገንዘቡም የተሻሉ ተጫዋቾች ያመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ጣቢያው እሱኑ መልሶ ይመርጠዋል።