የ2008ቱን ቦይለር ከማስነቀልሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለንደን ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አለሽ፤ ቦይለሩ በ2008 የተገጠመ ነው፤ ሊያየው የመጣው ባለሙያ «አርጅቷል፣ ቀይሪው፣ የጋዝ ሂሳብሽ በሲሶ ይወርዳል» ብሎ 2,800 ፓውንድ ጠየቀሽ። እውነቱን ነው ወይ ነው ያልሽው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

እኔ በ2019 ቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ ከኪሴ የወጣ ልምድ ነው የምነግርሽ። ሂሳብ ይቀንሳል፣ አዎ። ያንቺው ግን በሲሶ አይቀንስም። ለምን እንደምል ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ፣ ቦይለር ስንል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የምትሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ አይደለም። እዚህ አገር ቦይለር የሚባለው በጋዝ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች የሚያዞረው ነው። ክረምት ላይ እሱ ከቆመ ቤቱ ማቀዝቀዣ ይሆናል።

የኛ ቤት ከጎረቤት ጋር የተያያዘ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ነው። አሮጌው ቦይለር ወጥ ቤት ወለል ላይ የተቀመጠ የ1990ዎቹ ዕቃ ነበር፤ ትንሿ እሳቱ በጋም ሆነ ክረምት አትጠፋም፣ ፎቅ ላይ ደግሞ የመዳብ የውሃ በርሜል ነበረው። በ2019 በጋ አስነቅለን ኮምቢ፣ ማለትም ያለ በርሜል የቧንቧውንም ውሃ ራሱ እዚያው የሚያሞቀውን ቦይለር፣ አስገባን። ገጣሚው ያን ጊዜ ያሰላልኝ ስሌት ጥሩ ይመስል ነበር፦ አሮጌው ከ100 ፓውንድ ጋዝ 30ውን በጭስ ማውጫ ይለቃል፣ አዲሱ የሚለቀው 10 ብቻ ነው። ያንኑ የ70 ፓውንድ ሙቀት ለመስጠት ለአዲሱ የ78 ፓውንድ ጋዝ ገደማ ይበቃዋል፤ በዚህ ስሌት ፍጆታችን በ22 በመቶ ገደማ መውረድ ነበረበት።

የወረደው ግን ከ17,400 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 15,900 ነው። 9 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያን ጊዜ ዋጋ፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 4 ፔንስ ገደማ በነበረበት፣ በዓመት 60 ፓውንድ ማለት ነው። ለቦይለሩ የከፈልኩት 2,400 ነበር። 40 ዓመት!

በ2022 ደግሞ የባሰው መጣ። የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ በዚያ ክረምት ጋዙን በኪሎዋት ሰዓት 10.3 ፔንስ አካባቢ ያዘው እንጂ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። ባለቤቴ ሂሳቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «ቆጣቢ ያልከው ይሄ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የገባኝ በኋላ ነው፦ ፓውንዱን እያየ ቦይለሩን የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ አንዱ ክረምት ይበርዳል ሌላው ይለዝባል። ማየት ያለብሽ በሂሳቡ ወረቀት ላይ ያለውን ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱም ከቆጣሪው የተነበበ እንጂ በግምት የተጻፈ እንዳይሆን። ቆጣሪሽ ሜትር ኩብ የሚቆጥር ከሆነ በ11.2 አባዢው፣ ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይቀርብልሻል።

ታዲያ የተባለው 22 በመቶ የት ገባ? ከፊሉን የበላነው እኛው ነን። በአሮጌው ጊዜ ፎቅ ያሉትን ሁለት ራዲያተሮች ዘግተን በብርድ ልብስ ነበር የምንተኛው። አዲሱ ሲገባ ሁሉንም ከፈትናቸው። ውሃውም ከበርሜል ስላልሆነ አያልቅም፤ ልጆቹ ሻወር ውስጥ እስኪጠሩ ድረስ አይወጡም። ይህን እንደ ኪሳራ አልቆጥረውም፣ ሞቀን።

የቀረው ግን ንጹህ ብክነት ነበር፣ ጥፋቱም የገጣሚው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ የኖርኩት ደግሞ እኔ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ ሲነድ እንፋሎት ይፈጠራል። የድሮው ቦይለር እንፋሎቱን ከነሙቀቱ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ኮንዴንሲንግ የሚባለው የአሁኑ ዓይነት ደግሞ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ይመልስና በውስጡ የነበረውን ሙቀት ይቀማዋል፣ ልክ በፈላ ድስት ክዳን ሥር ጠብታ እንደሚያዘው። ይህ የሚሆነው ግን ከራዲያተር ዞሮ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። የኔን ገጣሚው በ80 ዲግሪ አስተካክሎት ሄዷል። በ80 የወጣ ውሃ ከ60 በላይ ሆኖ ይመለሳል፤ እንፋሎቱም እንደ ድሮው በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ማለት አዲስ ቦይለር ገዝቼ እንደ አሮጌ ነበር የምነዳው።

በ2022 መከር ላይ የራዲያተሩን ውሃ መጀመሪያ ወደ 65፣ ከሳምንት በኋላ ወደ 60፣ ከዚያም ወደ 55 አወረድኩት። በረዶ በሚጥልባቸው ሳምንታት ብቻ ከፍ አደርገዋለሁ። ቦይለሩ ቧንቧ ሳይከፈት ራሱን እያሞቀ የሚጠብቅበትን ማብሪያ አጠፋሁ። ሙቀት እንዳያመልጥ ጣሪያ ሥር የተነጠፈችውን፣ እንደ አሮጌ ፍራሽ የሳሳችውን ኢንሱሌሽን 270 ሚሊሜትር ውፍረት አደረስኳት። ሦስቱ ተደምረው ፍጆታውን ከ15,900 ወደ 13,300 አወረዱት። ለኢንሱሌሽኑ ያወጣሁት ገንዘብ ከቦይለሩ ጋር አይወዳደርም፤ ዲግሪውን ለማውረድ ያወጣሁት ደግሞ ዜሮ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ ቤተሰብ ይቃወማል። በዚያ ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ራዲያተሩን በእጇ ነካ ታደርግና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞቷል» ትለኛለች። አልሞተም፤ እጅ አያቃጥልም እንጂ ረዘም ላለ ጊዜ እየሠራ ክፍሉን ወደ 20 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጋቢዋን አልጣለችም፣ እሱ ግን ባመል ነው።

አሁን ወደ አንቺ ቦይለር። 2008 ማለትሽ ነው ዋናው ነገር። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚያዝያ 2005 ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር ኮንዴንሲንግ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ያንቺው ዕድሜው ቢገፋም በዓይነቱ ከአዲሱ ጋር አንድ ነው። ለማረጋገጥ ባለሙያ አያስፈልግሽም፦ ከቦይለሩ ሥር ከመዳብ ቱቦዎቹ ሌላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ፍሳሽ የሚሄድ ካለ፣ ብርድ ባለበት ጠዋትም ከውጭ ነጭ እንፋሎት የሚያጨስ ከሆነ፣ ኮንዴንሲንግ ነው።

እንግዲህ በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀሚያለሽ እንበል፣ ዋጋውንም በ6 ፔንስ እናስላው፤ 720 ፓውንድ ይሆናል። ከጥሩ ኮንዴንሲንግ ወደ አዲስ ኮንዴንሲንግ መቀየር 5 በመቶ ቢያተርፍልሽ 36 ፓውንድ ነው። 2,800ን ለ36 አካፍዪው። ከ77 ዓመት በላይ! ሲሶ ያለሽ ሰው ወይ የ1980ዎቹን ቦይለር ስሌት አንቺ ላይ አምጥቶታል፣ ወይ ሌላ ሐሳብ አለው።

ሂሳብ ይቀንሳል ብለሽ አትቀይሪው፣ የምለው ይሄንን ብቻ ነው። በሌላ ምክንያት መቀየር ግን ይኖራል። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ፣ በአንድ ክረምት ሁለት ሦስቴ ካስጠገንሽው፣ ውስጡ መፍሰስ ከጀመረ፣ ተሰናበቺው። ከጭስ ማውጫው አካባቢ ጥላሸት ካየሽ ወይም እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ሂሳብ አትቁጠሪ፣ አጥፊውና ባለሙያ ጥሪ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ያው እኛ አገር በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩትን የሚገድለው ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። ማስጠንቀቂያ ደወሉ በትንሽ ዋጋ ይገኛል፣ ከሌለሽ ነገ ግዢ።

የምትቀይሪ ከሆነ በጋ ላይ አድርጊው፤ ክረምት ላይ ብርድ የያዘው ሰው ዋጋ አይከራከርም። ከሦስት ሰው ዋጋ ጠይቂ። የጋዝ ሴፍ (በጋዝ ሥራ የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች መዝገብ) መታወቂያቸውን ገልብጠሽ እይው፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደተፈቀደላቸው ከጀርባው ተጽፏል። የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት ብክነት ሳይለካ «ትልቁን ላድርግልሽ» የሚል ሰው አይመቸኝም፤ ከልክ በላይ የሆነ ቦይለር ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ጋዝ ይበላል። ቱቦውን አጥቦ ዝገቱን የሚይዝ የማግኔት ማጣሪያ ይግጠምልሽ። ከመሄዱ በፊት ደግሞ የራዲያተሩን ዲግሪ አብራችሁ አስተካክሉ። በቦይለር ፈንታ ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ) የሚያስቡም አሉ፣ በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት 7,500 ፓውንድ ይረዳል፤ ግን እሱ ጣሪያውና መስኮቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ለጊዜው ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ። ኮምቢ ከሆነ ሁለት ማስተካከያ አለው፣ አንዱ የቧንቧ ሥዕል ሌላው የራዲያተር ሥዕል ያለበት። የራዲያተሩን ብቻ ወደ 60 አውርጂው። የውሃ በርሜል ያለሽ ከሆነ ግን ይህን እንዲሁ አትንኪ፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ለባክቴሪያ ሲባል 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ ቦይለሩ 65 ወይም 70 ላይ ይቆይ። ላዩ የሚበርድ ራዲያተር ካለ አየር ይዟል፣ በቁልፏ አስተንፍሺው። ሥሩ የሚበርድ ከሆነ ቆሻሻ ነው፣ እሱ መታጠብ ይፈልጋል።

የፕላስቲክ ቱቦውን ካገኘሽው ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።