የሚዋጠው ኮላጅን ፊት ላይ ይደርሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ አቶቴ የጻፉልን እናት የኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክረው ፕሮቲን) ዱቄት በጁስ በጥብጠው መጠጣት ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። «እውነት ፊቴ ላይ ይደርሳል?» ይላሉ።

ኮላጅን ሆኖ አይደርስም። ሙሉው ሞለኪውል 300,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል ስለሚመዝን የአንጀትን ግድግዳ አያልፍም። ፋብሪካው ቆራርጦ ወደ 2,000–5,000 ዳልተን የሚያወርደው ለዚህ ነው። ጨጓራና አንጀት ደግሞ እንደገና ይሰባብሩታል። ወደ ደም የሚገባው አብዛኛው ነጠላ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ሲሆን፣ ጥቂቱ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ እንደተያያዘ ያልፋል። ሰውነት ያንን ለጡንቻም ለጉበትም ያከፋፍለዋል፤ ለፊት ብሎ የሚያስቀምጠው ድርሻ የለም። በጥናት የተሞከረው በአብዛኛው በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም፣ ለ8–12 ሳምንት ነው፤ የታየው ለውጥ ትንሽ ነው፣ የብዙዎቹን ጥናቶች ወጪ የሸፈኑትም አምራቾቹ ናቸው። ስለዚህ ከማሸጊያው ጀርባ ግራሙን ያንብቡ። 500 ሚሊግራም የሚይዝ እንክብል ከሆነ 2.5 ግራም ለመሙላት 5 ፍሬ መዋጥ አለብዎት። 12 ሳምንት ሞልቶ ለውጥ ካላዩ ያቁሙት፤ በገንዘቡ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ከአሞራ ገደል ዓሣ ይግዙበት።

«ኮኪውቴን (CoQ10) የተባለውን ተጨማሪ እንክብል ጠዋት በባዶ ሆድ ወይስ ከምግብ ጋር?» ከምሳ ጋር። የሚሟሟው በስብ ስለሆነ ዘይት ወይም አቮካዶ ያለበት ምግብ ይፈልጋል።

«ካፕሱል ጾም ያስፈታል?» ሽፋኑ ጄላቲን ከሆነ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተሠራ ነው፤ ሃይፕሮሜሎዝ ከሆነ ከዕፅዋት። የቀረውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

አንዲት አንባቢ ደግሞ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስዱ እናቷ «ለዕድሜ» ተብሎ የሚሸጥ የእርድና የቁንዶ በርበሬ እንክብል ገዝታለች።

እህቴ፣ ዛሬውኑ እንክብሉን ያስቁሙ፤ ዋርፋሪኑን ግን በራስዎ አያስቁሙ። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብቻውን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን አንጀትና ጉበት ኩርኩሚንን የሚያስወግዱበትን ሥራ ስለሚያግድ በአንድ ጥናት 20 ሚሊግራሙ ብቻ ወደ ደም የሚገባውን የኩርኩሚን መጠን 20 እጥፍ ያህል ከፍ አድርጎታል። ሻጮቹ የሚኩራሩበት ይህ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው፣ ፒፐሪን የሌሎች መድኃኒቶችንም መወገድ ያዘገያልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዚላንድ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ዋርፋሪን ላይ እያለ የእርድ ምርት የጀመረ ታካሚ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚዘገይበት ልክ፤ ሲበዛ ያደማል) ከ10 በላይ መውጣቱን አስጠንቅቋል። አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ እንደ እንክብሉ የተጠራቀመ አይደለም፤ እሱን አይፍሩ። ብልቃጡን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸውና አይኤንአር ያሠሩ። ድዳቸው ከደማ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ለፀጉር ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን እየወሰዱ የታይሮይድ ምርመራ ለታዘዘልዎት፦ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ደም ከመስጠትዎ በፊት ቢያንስ ለ2 ቀን ያቁሙ፤ ለላብራቶሪውም ይንገሩ።