የቬክተር ግሬዲየንት ረድፉ የቱ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው «ለተማሪዎች ግሬዲየንት፣ ዳይቨርጀንስና ከርል የሚያሰላ የፓይተን ላይብረሪ እየጻፍን ነው፤ የማንን ኮንቬንሽን እንከተል?» የሚል ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ስፌሪካል ኮኦርዲኔት ማዕዘኖች ስም፣ ማለትም ቴታ የትኛው ማዕዘን እንደሆነ መልሳችኋል። እሱም ራስ ምታት ነው፣ ግን ቶሎ ይታያል። ጊዜ የሚበላው የቬክተር ግሬዲየንት፣ ማለትም ቬክተሩ በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው ነው።

ስካላር (እንደ ሙቀት በየቦታው አንድ ቁጥር ብቻ ያለው) ላይ ማንም አይጣላም። ቬክተር ሲሆን ግን ውጤቱ ማትሪክስ ነው። ታዲያ ረድፉ የቬክተሩ ኮምፖነንት ነው ወይስ ዴሪቬቲቭ የተወሰደበት አቅጣጫ? የፍሰት ማስሊያው ሶፍትዌር ኦፕንፎም አቅጣጫውን ያስቀድማል። የዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን መፍቻው ፌኒክስ «ግራድ» ስትሉት ኮምፖነንቱን ያስቀድማል፤ «ናብላ ግራድ» ስትሉት ይገለብጠዋል። ሁሉም ትክክል ናቸው። ጣጣው ከአንዱ የቀዳችሁትን ቀመር ሌላው ላይ ስትለጥፉ ነው። ኮዱ ያለ ምንም ኤረር ይሠራል፣ መልሱ ግን ሌላ ነው።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። በኤክስ አቅጣጫ ፍጥነቱ ዋይን የሚያህል፣ በዋይ አቅጣጫ ዜሮ የሆነ ፍሰት ውሰዱ። የኮንቬክሽን ተርሙ (ፍጥነቱ በራሱ በፍሰቱ አቅጣጫ የሚለወጥበት፣ ከግሬዲየንቱና ከፍጥነቱ ብዜት የሚገኘው) ዜሮ መሆን አለበት። ማትሪክሱ ተገልብጦ ከተባዛ ግን በዋይ አቅጣጫ «ዋይ» የሚል መልስ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚሞክረው ኮምፖነንቶቹ ኤክስና ዋይ በሆኑ ፊልድ ነው። የሱ ማትሪክስ ሲሜትሪክ (ቢገለበጥም የማይለወጥ) ስለሆነ በየትኛውም በኩል ያልፋል። ምንም አልፈተናችሁም ማለት ነው።

ዳይቨርጀንሱም (ፊልዱ ከአንድ ነጥብ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚፈስ የሚለካው) ከግሬዲየንቱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ካመጣችሁ፣ የግሬዲየንት ዳይቨርጀንስ ላፕላሲያን (የቪስኮሲቲው ተርም የሚሠራበትን የሁለተኛ ዴሪቬቲቮች ድምር) መስጠቱ ይቀርና የዳይቨርጀንስ ግሬዲየንት ይሰጣችኋል። በማይታመቅ ፍሰት ደግሞ ያ ዜሮ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ቪስኮሲቲው ጠፋ!

ምርጫዬ ኮምፖነንቱ ረድፍ ይሁን ነው። ተማሪው ከካልኩለስ የሚያውቀው ጃኮቢያን (የዴሪቬቲቮቹ ማትሪክስ) እሱ ስለሆነ። ሌላውን አቀማመጥ የሚፈልግ ካለ በሌላ ስም ስጡት እንጂ እውነት ወይም ሐሰት የሚል አማራጭ አታስገቡ። ማንም አያነበውም።

ማዕዘኖቹን በተመለከተ የፊዚክሱን ያዙ፤ ቴታ ከዜድ አክሲስ ይለካ። የሒሳብ ምልክቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይሶ 80000-2ም እንደዚያው ነው። የፓይተን ሳይንስ ላይብረሪው ሳይፓይ ለረጅም ጊዜ ስፌሪካል ሃርሞኒክስ በሚባሉት ፋንክሽኖች ላይ ቴታን አዚሙት (በዜድ አክሲስ ዙሪያ የሚዞረው ማዕዘን) አድርጎ ቆይቶ፣ በ1.15 አዲስ ፋንክሽን አምጥቶ ቀየረው። ማትላብ ጭራሽ ከኤክስ-ዋይ ወለል ወደ ላይ ነው የሚለካው። ስለዚህ ማዕዘኖች በቅደም ተከተል ሳይሆን በስማቸው ብቻ እንዲገቡ አስገድዱ።

አንድ የረሳሁት፦ የፓይተን የቁጥር ላይብረሪው ኑምፓይ ግሬዲየንት ሲያወጣ የሚያስቀድመው በረድፎች ላይ ወደ ታች የሚወርደውን ዴሪቬቲቭ ነው፤ ማትላብ ደግሞ ኤክስን፣ ማለትም በዓምዶቹ ላይ የሚሄደውን ያስቀድማል። ከማትላብ የተገለበጠ የከርል (ፊልዱ ምን ያህል እንደሚሽከረከር የሚለካው) ኮድ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ።