የሞተር ንፋስ መከላከያ ቁመት

ረጅም የንፋስ መከላከያ ከገጠምክ በኋላ ሄልሜትህ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ከመከላከያው ጫፍ የሚነሳው የተረበሸ ንፋስ በቀጥታ ጭንቅላትህ ላይ ስለሚያርፍ ነው። የላይኛው ጠርዝ አፍንጫህ አካባቢ ይሁን፤ መንገዱን በላዩ አሻግረህ እንጂ በውስጡ አትይ። ስትለካ ሄልሜት አድርገህ፣ እንደምትነዳው ሆነህ ተቀመጥና ሌላ ሰው ከጎን ይይልህ።

ሌላ ከመግዛትህ በፊት እየነዳህ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ በል። መንቀጥቀጡ ከቀረ አሳጥረው። ካልቀረ የመከላከያውን አዘነባበል ለውጥ፤ ከስሩ የሚገባው ንፋስም ያናውጣል (ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል)።

ቀን ላይ በውስጡ ጥርት አድርጎ ያሳያል ብለህ ግን እንዳትሸወድ። ማታ በዝናብ እያንዳንዱ ጠብታ ከፊት የሚመጣውን መኪና መብራት ይበትነዋል፤ የሄልሜትህን መስታወት በጓንትህ ትጠርጋለህ፣ መከላከያውን ግን እየነዳህ መጥረግ ይከብድሃል።