ስለ ምግብ፣ ስለ ውፍረትና በቤት ስለሚሠራ ስፖርት የጠየቃችሁኝ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በጤና ጣቢያ ነርስነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። መስከረም 2015 ዓ.ም. የራሴን ስኳር በባዶ ሆዴ ስለካ 118 አገኘሁት። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 የተገኘበት ሰው ስኳር ደጃፉ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሲሆን ያኔ 84 ኪሎ ነበርኩ። በ14 ወር 73 ገባሁ፣ ስኳሩም 94 ሆነ። ይህን የሰማችሁ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ያመጣችሁትን ሰብስቤ መልሻለሁ። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ መጠኑ አብሮ መስተካከል አለበትና።

ከደብረ ብርሃን፦ እትዬ፣ ምን በልተሽ ነው የቀነስሽው? ዝርዝሩን ንገሪን።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. 21 ቀን የጎመን ሾርባ ብቻ ጠጥቼ 5 ኪሎ ቀነስኩ። በአራት ወር ውስጥ 7 ኪሎ ተመለሰብኝ። በዚያ ላይ ያዞረኝ ነበር፤ ሥራ ላይ ታካሚ እያነጋገርኩ ግድግዳ የያዝኩበት ቀን አለ።

ሁለተኛውን ጊዜ የጀመርኩት በመጻፍ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አፌ የገባውን ሁሉ፣ ጉርሻውንም ሳይቀር፣ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። ሻይ በቀን አምስት ስኒ እጠጣለሁ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር፤ 15 የሻይ ማንኪያ ማለት 60 ግራም ገደማ ነው። ዘይት ደግሞ ለአራት ሰው ቤት 5 ሊትሩ በ20 ቀን ያልቃል። አካፍላችሁ ስታዩት ለአንድ ሰው በቀን አራት የሾርባ ማንኪያ ይደርሳል፤ አንዱ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት እንጀራ በልቼ እተኛለሁ። እንጀራውን ስወቅስ የኖርኩት በከንቱ ነበር።

አሁን ጠዋት የገብስ ቂንጬ፣ ወይም በሶ በውሃ በትንሽ ጨው፣ ያለ ስኳር። ምሳ አንድ እንጀራ፤ ከትሪው ግማሹ ጎመን፣ ካሮት ወይም ሰላጣ ሲሆን በቀረው ላይ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ ይወጣል። እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ። ያው 5 ሊትር ዘይት አሁን 45 ቀን ይቆየናል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ አቁላልቼ ዘይቱን ኋላ በማንኪያ እየለካሁ እጨምራለሁ፤ ልጆቼ ልዩነቱን ያወቁት ከነገርኳቸው በኋላ ነው።

ገብሱን በተለይ አደራ እላችኋለሁ። ቤታ ግሉካን የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያሟልጭ አሰር (ፋይበር) አለው። ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፤ በቀን 3 ግራም ያህሉን የሚያገኝ ሰው ኮሌስትሮሉም ይቀንስለታል። ቂንጬና ቆሎ ካልላመ ገብስ ሲዘጋጁ ይሻላሉ፤ በጣም የላመ ዱቄት ሲሆን ያ ጥቅም ይሳሳል። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ በሶ ቋጥረው የሄዱት በምክንያት ነው። እኛ ያንን ትተን አጃ በካርቶን በውድ ዋጋ ስንገዛ ሳይ አዝናለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ በባዶ ሆድ ቦርጭ ያቀልጣል?

አያቀልጥም። ፌጦም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ በፓኬት የሚሸጠው "የማቅጠኛ ሻይም" እንዲሁ። ከሻይው አንዳንዱ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ሚዛን ላይ የሚታየው የወጣው ውሃ ነው። ሎሚውን ጎመን ላይ ጭመቂው፤ ብረቱን ሰውነትሽ እንዲወስድ ይረዳል።

ከአረርቲ፦ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ 4 ኪሎ ጨመርኩ። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል እህቴ፤ ብዙ ሰው አፍሮ አይናገረውም እንጂ። 55 ቀን ሥጋና ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ግን ዘይት ቅቤውን ተክቶ በእጥፍ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ በረሃብ ስትቀርቢ እጅሽ አይመዝንም፤ ሁለቱ እንጀራ ሳታውቂው ያልቃል። ከዚያ ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ቦምቦሊኖ፣ የለውዝ ሻይ፣ ፓስታ። ጾም ነው ብለን ስለምናስብ አንቆጥረውም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ጾሙን ስፈታ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አንድ ሳህን ሾርባ ወይም ሰላጣ፤ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ነው እንጀራው የሚቀርበው። ወጥ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ክክ ወይም ባቄላ ያለበት። ተልባ በጣም ይረዳል፤ ቆልቶ ወቅጦ በውሃ መጠጣት ነው፣ አሰሩ ያጠግባል፣ ለልብ የሚስማማ ኦሜጋ 3 የተባለውም ስብ አለው። ዘይት ስትገዢ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ስለሆነ ኑግ ካገኘሽ ኑግ ይሁን፤ እሱም ቢሆን በማንኪያ።

ስኳር ይዟችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳችሁን መቆየት ስኳራችሁን ጥሎ ራስ ሊያስታችሁ ይችላል። ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። እስካሁን "ሞተህም ቢሆን ጹም" ያለ የንስሐ አባት አላጋጠመኝም።

ከቡልጋ ተወልጄ አዲስ አበባ የምሠራ ነኝ። ኬቶ ልጀምር? ጓደኛዬ በሁለት ወር 9 ኪሎ ቀነሰ።

ወንድሜ፣ መቀነሱን አምናለሁ። ኬቶ ማለት እህልና ስኳር ትቶ በአብዛኛው ስብ መብላት ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር አንድ ላይ ሲቀሩ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ውሃ ይወጣል፣ ከዚያም ስቡ ይከተላል። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለፋሲካ ቡልጋ ስትገባ እናትህ የጋገረችውን ትተዋለህ? ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ፣ ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ኬቶ ምን ይበላል? ዓመት ሙሉ የማትኖርበትን አመጋገብ ብትተወው ይሻልሃል፤ እኔን የጎዳኝም እሱ ነው። እንጀራህን በግማሽ ቀንሰህ ለስላሳ መጠጡን ብታቆም (አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 8 የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለው) በወር ሁለት ኪሎ መቀነስ ትችላለህ። የኩላሊት ችግር ወይም ኢንሱሊን ካለ ግን ያለ ሐኪም ኬቶ አይሞከርም።

ከደብረ ብርሃን፦ የምኖረው ጠባብ ኪራይ ቤት ነው፣ ከታች አከራዮቼ ናቸው። ጠዋት ውርጩ አያስወጣም። ምን ልሥራ?

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፣ የእኔም ችግር ነበርና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሳር ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ከተማ "ጠዋት ተነሥተሽ ሩጪ" ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር። 150ውን እኔ በእግሬ ወደ ሥራ በመመላለስ እሞላዋለሁ፤ ባጃጅ የምይዘው ሲዘንብ ብቻ ነው። ጡንቻውን ቤት ውስጥ እሠራለሁ፣ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ ስመለስ። መዝለል የለበትም፣ ስለዚህ አከራይ አያማርርም። ቁጭ ብድግ በወንበር ላይ 12 ጊዜ። ፑሽ አፕ ግድግዳ ተደግፎ፤ ሲቀል ጠረጴዛ ላይ፣ ኋላ መሬት ላይ። 5 ሊትር ጄሪካን በውሃ ሞልቶ (አምስት ኪሎ ነው) ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ በየእጁ 10 ጊዜ። ከዚያ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ የቻልሽውን ያህል። እኔ በ8 ሰከንድ ነው የጀመርኩት፣ አሁን አንድ ደቂቃ እይዛለሁ። ዙሩን ሦስት ጊዜ መድገም ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ዙር ከሠራሽ ይበቃል፤ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ እስኪያቅት መሥራት አያስፈልግም።

የሸዋው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ጋደም ብሎ እጅና እግሩን ሲያፍታታ ታይቷል። ያ የሠራው ሰውነት ማፍታታት ከአንዲት ምንጣፍ የበለጠ ቦታ አይፈልግም። ስትጨርሺ አንቺም አምስት ደቂቃ ስጪው።

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ለመጣችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የምትስቡት ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የጎደለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ቀስ በሉ።

ከመንዝ፦ እናቴ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። እሷም ስፖርት ያስፈልጋታል?

አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት እረፍትና እንቁላል ነው። ዶሮ ካላት እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አትውሰደው በላት።

ከጅሩ፦ የጓያ ሽሮ ለስኳር በሽታ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ይህን ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ውሃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይም ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይበቅላል። ችግሩ የአከርካሪ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው። ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ይደርቅና በዱላ መሄድ ይጀምራል፤ ከዚያ አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን አብዝቶ መብላት ከወጡ የባሰ ነው። ሌላ ከሌለ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉ፣ ከስንዴ ወይም ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅሉት፤ መርዙ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ለስኳር በሽታ ብሎ በቀን በቀን መመገብ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር እያለ ለምን?

ከደብረ ብርሃን፦ ባለቤቴ ብርዱን በአረቄ ነው የምከላከለው ይላል።

የሚሰማው ሙቀት እውነት ነው፣ ግን ከሰውነቱ እየወጣ ያለ ሙቀት ነው። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ደሙ ወደ ቆዳ ይመጣል፣ ሙቀቱም ወደ ውጭ ይሄዳል። አንድ ግራም አልኮል ደግሞ 7 ካሎሪ አለው፤ ቦርጩ ከየት መጣ ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ፊት ለፊት ከመቆጣት ትኩስ የአጥሚት ብርጭቆ ቀድመሽ አቅርቢለት። የጎረቤቴ ቤት በዚህ ተሻሽሏል። በየቀኑ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን በድንገት ማቆሙ አደጋ አለው፣ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።

ከዓለም ከተማ፦ ደም ግፊት አለብህ ተባልኩ። ጨው ቀንስ ሲሉኝ ወጡ ላይ አልጨምርም፣ አልወረደም።

ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈጭ ያለ ጨው ይፈጭ። የቀኑ ልክ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ ጋሼ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ መወፈር ነው የምፈልገው። 22 ዓመቴ ነው፣ 51 ኪሎ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም በድንገት የመጣ መክሳት ካለ መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ከሌለ ደስ ይበልህ፣ አገርህ ማሾ አምራች ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ማሾ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ማሾ በሩዝ፣ በሶ በወተትና በለውዝ፣ በቀን ሁለት እንቁላል፣ ማንጎው ደግሞ ደጃፍህ ነው። ከላይ የጻፍኩትን የጄሪካን ሥራ አንተም ሥራ፤ ካለዚያ የምትጨምረው ሆድ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከእነዋሪ፦ ልጄ፣ 58 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል። ቁጭ ብድጉ አይሆንልኝም።

አይሥሩት እማማ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ያንሡ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱ። በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከጭኑ ፊት ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱን ይደግፈዋል። ካበጠ ወይም ካተኮሰ ግን ይታዩ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሰንበቴና ማኅበር ላይ "በሞቴ ብይ" ሲሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አክስቴ ጉርሻዋን ስመልስባት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያ ቀን እስካሁን ያመኛል። አሁን ከቤት ሳልወጣ አንድ ሳህን ጎመንና ግማሽ እንጀራ እበላለሁ፣ ተርቤ ድግስ አልገባም። እዚያ ስደርስ ትንሽ አነሣለሁ፣ ቀስ እያልኩ አኝካለሁ፣ ትሪዬ ባዶ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ ባዶ ትሪ ይሞላልና። የአክስቴን ጉርሻ ሁልጊዜ እቀበላለሁ፣ አንዷን። ሁለተኛዋን ስታመጣ "ስኳር ሊይዘኝ ነበር እኮ" ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የምትጠቀልለው ጎመን በዝቶበት፣ ትንሽ ሆኖ ነው የሚመጣው።