ፊልተሩ በእጅ፣ ካሜራው በትራይፖድ

ልጆቼ፣

ወደ ፎቶ ቤቴ ብቅ የምትሉት ሁሉ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ታመጡልኛላችሁ፦ «ጋሼ፣ ግራድ ፊልተር በእጅ ይዞ ማንሳት ይቻላል ወይስ የግድ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ያስፈልገናል?» ደንበኛ እያስተናገድኩ በሁለት ቃል እየመለስኩ ሸኘኋችሁ። ነገሩ ግን በሁለት ቃል አያልቅምና ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ፊልተሩን ላላያችሁት፦ ሌንሱ ፊት የሚያዝ፣ ከላይ የጠቆረ፣ ከታች የጠራ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው። ጥቁሩ በሰማዩ በኩል፣ የጠራው በመሬቱ በኩል ይሆናል። 0.3 የተጻፈበት አንድ ስቶፕ፣ 0.6 ሁለት፣ 0.9 ሦስት ስቶፕ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ስለሚያጎድለው፣ በ0.9 በኩል የሚያልፈው ከሰማዩ ብርሃን አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በስላይድ ፊልም በምንሠራበት ዘመን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለቀን መቁጠሪያ እንዳነሳ ታዘዝኩ። ጎህ ሳይቀድ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ትራይፖዴን ከብዶኝ ቤት ትቼዋለሁ። ፊልተሩን በግራ እጄ ሌንሱ ላይ ለጥፌ፣ በቀኜ ካሜራውን ይዤ አነሳሁ። በካሜራው መስኮት ሳይ ሁሉም አምሮ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሰማዩ እንደተመኘሁት ሆኗል፤ የሕንፃው ጣሪያና የላይኛው ፎቅ ግን ጥቀርሻ የመታው መስሏል። አንድ የሰፈሩ አዛውንት ፎቶውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ቤቱ እሳት ነክቶት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ቤት እኔ አበላሽቼ አሳየኋቸው። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥፋቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የያዝኩት ፊልተር ጥቁሩና የጠራው የሚገናኙበት ድንበር ቁርጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ለባሕርና ለሜዳ አገር ይሆናል። የእኛ አድማስ ኮረብታና ዛፍ ነው፤ ሁልጊዜ ከመስመሩ በላይ ብቅ የሚል ነገር አለ። ለጅማ ድንበሩ ቀስ እያለ የሚሳሳውን ግዙ። ሁለተኛ፣ በመስኮቱ ስናይ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ስለሆነ ድንበሩ ደብዝዞ ነው የሚታየን። ስናነሳ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ወደ 16 ሲጠብ መስመሩ ይሰላል። ካሜራችሁ አፐርቸሩን አስቀድሞ አጥብቦ የሚያሳይ ቁልፍ ካለው፣ እሱን ተጭናችሁ ፊልተሩን ከፍ ዝቅ አድርጉና መስመሩ የት እንዳረፈ እዩ። ዲጂታል ከሆነ ደግሞ አንድ አንስታችሁ ስክሪኑ ላይ መርምሩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ካሜራውንም ፊልተሩንም በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ብርሃን ሲበቃ ብቻ። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሻተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው መጋረጃ) ከ1/50 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። በአንድ እጅ የተያዘ ካሜራ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ፊልተሩም ያዘነብላል። በፊልተሩና በሌንሱ መካከል ክፍተት ከተፈጠረ ከኋላ የሚገባው ብርሃን ተንጸባርቆ ፎቶው ላይ ነጭ ጥላ ያጠላል። ቦዬ ረግረግ ዳር ጉማሬ ድንገት ራሱን ካወጣ ግን ትራይፖድ እስክትዘረጉ አይጠብቃችሁምና፣ ያኔ በእጃችሁ አንሱ።

እኔ ለዓመታት የሠራሁበት መንገድ ሌላ ነው፦ ካሜራው በትራይፖድ፣ ፊልተሩ በእጅ። የፊልተር ማቀፊያ ባትገዙም ይሆናል። ካሜራው ስለማይነቃነቅ መሬቱንና ሰማዩን ለየብቻ ትለካላችሁ። ለምሳሌ መሬቱ 1/15፣ ሰማዩ 1/250 ሰከንድ ቢሰጣችሁ ልዩነቱ አራት ስቶፕ ነው። አራቱንም አታጥፉት፤ 0.6 ወይም ቢበዛ 0.9 ይበቃል። ሰማይ ከመሬት መብራቱ ተፈጥሮው ነው። ውሃ ካለ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ውሃ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ከላይኛው አንድ ስቶፕ ያህል ይጠቁራል። ውሃው ከሰማዩ በልጦ ከበራ፣ ፎቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ሻተሩ አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ክፍት በሚሆንበት ማለዳ፣ ፊልተሩን ሌንሱን ሳትነኩ በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ ድንበሩ ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ትራይፖድ ከሌለ አትችሉም።

ቦዬ ጭቃው ለስላሳ ስለሆነ ከትራይፖዱ እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። የሌንሱን ንዝረት መከላከያ አጥፉና በሁለት ሰከንድ ታይመር አንሱ። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ የወርቅ መልክ ያለው ብርሃን ቶሎ ያልፋል። 12 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ፊልተሩን ከቦርሳ የማታወጡበት ቦታም አለ። ቡና ማሳ ውስጥ፣ በጥላ ዛፍ ሥር፣ ብርሃኑ በየቅጠሉ ተበጣጥሶ ስለሚወርድ የሚከፈል አድማስ የለም። ሙሽሮች ከአድማስ በላይ ቀና ብለው በቆሙበትም ተዉት፤ ሰማዩን አደምቃለሁ ብላችሁ ፊታቸውን ታጠቁራላችሁ። ያንን አልበም ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ነው የሚያየው።

«ኤዲት ላይ ይስተካከላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የዛሬ ካሜራ ከስላይድ ፊልም እጅግ ይሻላል። በትራይፖድ አንድ ለሰማዩ፣ አንድ ለመሬቱ አንስቶ ማዋሃድም ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ጉም ይንቀሳቀሳል፣ ወፍ ይበራል። ጨርሶ ነጭ የሆነ ሰማይንም የትኛውም ኤዲት አይመልሰውም።

ድንበሩ የሚሳሳ አንድ 0.6 ፊልተር አለኝ። መጀመሪያ መሞከር የሚፈልግ መጥቶ ይዋሰኝ። ፕላስቲክ ስለሆነ በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፤ ለስላሳው ጨርቅ ከነከረጢቱ አብሮት አለ።