ከአዳማ ወደ ዛንዚባር ለምትሄዱ ሙሽሮች፦ ከቲኬቱ በፊት ክትባቱን

እህቴ፣ «ከፋሲካ በኋላ ሠርጋችን እንዳለፈ ለጫጉላ ከአዳማ ወደ ዛንዚባር ለመሄድ አስበናል፤ ሄዶ የሚያውቅ ምን ይመክረናል?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔና ባለቤቴ ከዚሁ ከአዳማ ተነሥተን ሄደናል፤ የተጉላላነውም ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን እዚሁ በአገራችን ነው። ስለ ሆቴል ዋጋ ሌሎች ስለነገሩሽ እርሱን ትቼዋለሁ።

1. የቢጫ ወባ ክትባታችሁን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ውሰዱ። ዛንዚባር የታንዛኒያ ደሴት ናት፤ ታንዛኒያ ደግሞ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣውን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ደግሞ ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እኛ ጉዳያችንን በሙሉ የሰጠነው እዚህ አዳማ ላለ የጉዞ ወኪል ነበር። ገንዘቡን አጠቃሎ ከተቀበለን በኋላ «ክትባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በበረራው ሳምንት ብትወስዱት ይደርሳል» አለን፤ ሥራው ነውና አመንነው። ቦሌ ስንደርስ ቦርዲንግ ፓስ የምትሰጠው ልጅ ሁለቱንም ካርዶች ገልጣ፣ በእስክሪብቶ የተሞላውን ቀን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣ የሚጸናበት ቀን ገና ስላልደረሰ ልታሳፍረን እንደማትችል በትሕትና ነገረችን። እርሷ ሥራዋን ነው የሠራችው። ሻንጣችንን እየጎተትን ወጥተን፣ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስንመለስ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የማግስቱ ነው። ወኪሉ ቢሮ ሄደን ጉዳዩን ስናስረዳ፣ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ካርዱን ይዛችኋል አይደል? ከዚያ በኋላ ያለው እኛን አይመለከተንም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ራሱ የላከልንን መልእክት ብናሳየውም የሚሰማን አጣን፤ ቲኬቱን ለመቀየር የተጠየቅነውን ቅጣት ከኪሳችን ከፈልን። ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር በእጃችን ጨረስነው፤ በዚህም እኮራለሁ። ባለቤቴ በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ ጃምቢያኒ በምትባል መንደር ላለው የእንግዳ ማረፊያ በራሷ ጽፋ የሆነውን ስታስረዳ፣ የማያውቀን ሰው ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ቀኑን አዛወረልን። ስለዚህ እናንተም በወኪል ሳትመኩ፣ ቪዛውን ጊዜ ሰጥታችሁ በኢንተርኔት ራሳችሁ አመልክቱ።

2. ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ ዛንዚባር የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ አስገድዳለች። ክፍያው ለአንድ ሰው 44 ዶላር ነው፤ ከሌላ ቦታ የገዛችሁት መድን አይተካውም። ወኪሉ ይህንንም አልነገረንም ነበር።

3. ወቅቱን እንደገና አስቡበት። እኛ የምንዳርበት ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ለዛንዚባር የዋናው ዝናብ ወራት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ይበረታል፤ በራቸውን የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። የእኛ ክረምት ሲገባ ግን እዚያ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። ጫጉላውን ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ አሳልፋችሁ፣ ዛንዚባርን ለሐምሌ ብታቆዩት ከልቤ ደስ ይለኛል። ፍልሰታ ላይ ብትደርሱም ስለ ጾም ምግብ አትስጉ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄና ሩዝ፣ ቻፓቲውም በየቦታው ይገኛል።

ባሕሩን በተመለከተ፣ ፎቶ አይታችሁ ብቻ ማረፊያ አትምረጡ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት እጅግ ስለሚርቅ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ይቀመጣሉ፤ መዋኘት አይታሰብም። ሁልጊዜ መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂዱ። እኔ ግን አሁንም ጃምቢያኒን እመርጣለሁ። ውኃው ሲሸሽ ደማቅ ጨርቅ የታጠቁ ሴቶች ይወጣሉ፤ አሸዋው ላይ በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል ገመድ ወጥረው፣ የባሕር አረሙን ቁራጭ በቁራጭ እያሰሩ ያለማሉ። አጎንብሰው ሲሠሩ ሳይ የገጠር እናቶቻችንን አረም ሲነቅሉ ያየሁ መሰለኝ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሷቸው።

ስቶን ታውን ለተባለችው አሮጌ ከተማ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጧት። ብዙ ሙሽሮች ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ባሕሩ መሄዳቸው ያሳዝነኛል። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መቀመጫውን ወደዚህ አዛውሮ የቅርንፉድ እርሻ ካስፋፋ በኋላ፣ ከተማዋ የዝሆን ጥርስ፣ የቅመምና የባሪያ ንግድ ማዕከል ሆናለች። እኛ ጠገራ የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር እዚያም ይገበያዩበት ነበር። የባሪያ ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ፤ መንበሩ የቆመው ባሪያዎች ይገረፉበት በነበረው ሥፍራ እንደሆነ ይነገራል። ግቢው ውስጥ፣ በጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሰዎች አሉ። በሱልጣኖቹ ቤት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች እንደነበሩም አስጎብኚያችን ነገረን፤ ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም። ይህን ሳያይ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ደሴቲቱን አየሁ ባይል እመርጣለሁ።

ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማው ስትዘዋወሩ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ የሚጠበሰውን ዓሣና ኦክቶፐስ ቅመሱ፤ ዋጋውን ግን ሳህኑ ላይ ከመነሣቱ በፊት አስቆርጡ።